ትራክተር ነክቶ የማያውቀው መካኒኬ

ይህ የሆነው ከሰባት ወይም ከስምንት ክረምት በፊት ነው። ዓመቱን በትክክል አልያዝሁትም፤ ዝናቡ ቀደም ብሎ የገባበት ዓመት እንደነበረ ግን አልረሳውም። ከልቤ ያልወጣው የትራክተሩ መበላሸት አይደለም፤ የተበላሸ ትራክተርማ ስንቱን አይቻለሁ። ያልወጣልኝ አንድ የማላውቀው ሰው የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

እኔ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ባለው ቆላ የምኖር አራሽ ነኝ። አባቴ ከደጋ ወርዶ ነው እዚህ የሰፈረው። ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። ይህንንም ከፊሉን ራሴ ጽፌ፣ ከፊሉን እየነገርኋት ልጄ ስንዱ ናት የጻፈችልኝ። በጉልበቴ ዘመን በባለሀብቶች እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ ነው የኖርሁት። ኋላ አንድ ያረጀ ትራክተር ገዛሁና ለራሴ ማረስ ጀመርሁ። የሚነዳው የስንዱ ባል አስማረ ነው። እኔ ከዳር ቆሜ እጨቃጨቃለሁ።

በዚያን ጊዜ ስንዱ ስልኬ ላይ የገበሬዎችና የኦፕሬተሮች ግሩፕ አስገብታልኝ ነበር። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከየቦታው ሰው አለበት። አንዱ ሞተሩ አጨሰብኝ ይላል፣ ሌላው የማረሻው ዲስክ አልነሳ አለኝ ይላል። መልሱን ስለማውቀው ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲጠይቅና እኔ ሳውቅ፣ እንዲያው ገና ወጣት የሆንሁ ይመስለኛል።

መልሴ ግን አጭር ነበረች። መጻፉ ያታክተኛላ! «ፊልትሮ ይቀየር።» «ዘይቱ ይታይ።» ይኸው ነው። ብዙ ጊዜም ልክ እሆን ነበር፤ ቆላ ላይ ከአቧራው የተነሣ ከአሥሩ ብልሽት ግማሹ ፊልትሮ ነው። ሰዎቹም «አባ ፊልትሮ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን ጠላሁት ብል ውሸት ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ገደማ ይርጋ የሚባል የገለጉ ሰው፣ «በታንከሩ ክዳን በኩል ዝናብ እየገባ ናፍጣዬን ውሃ አደረገብኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀ። እኔም «ክዳኑን በፌስታል ሸፍኖ፣ በጎማ ቁራጭ ጠፍሮ ማሰር» ብዬ መለስሁለት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ ፊልትሮ» አለኝ። የእኛም ትራክተር ክዳን ጥርሱ አልቆ ይላወስ ነበርና፣ በዚያው ትዝ ብሎኝ፣ ገና ማረስ ሳንጀምር አስማረን «አንተም እንዲሁ አድርግ» አልሁት። አደረገ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ዝናብ ገባ። አገሩን ለማያውቅ ልንገር። የእኛ መሬት ጥቁር አፈር ነው። ትንሽ ዝናብ ሲጠጣ ለእርሻ ይመቻል፤ ብዙ ሲጠጣ ደግሞ ትራክተር እስከ ሆዱ ይውጣል። ሰሊጥ የሚዘራው በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። እነዚያ ቀናት ካመለጡ የዚያ ዓመት ሰሊጥ አመለጠ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከዚያች ሰሊጥ ሌላ የምንተማመንበት አልነበረንም።

ትራክተሩ መቆም የጀመረው ልክ በእነዚያ ቀናት ነው።

ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል። አንድ ሁለት ዙር ያርሳል። ከዚያ ማንቋረር ይጀምርና ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጸጥ ይላል። አስማረ ወርዶ አየር ያስወጣል፤ የናፍጣውን መስመር ፈታ ያደርጋል፣ ያፈሳል፣ ያጠብቃል። ይነሣል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይቆማል። ፊልትሮ ቀየርን። ቆመ። ናፍጣውን በጨርቅ አጥልለን ሞላን። ቆመ። ከገንዳ ውሃ ከተማ መካኒክ አመጣሁ፤ ሰውየው ግማሽ ቀን ሲፈታ ሲገጥም ውሎ «የናፍጣው ፖምፓ አርጅቷል» አለና ሄደ።

ሳልወድ በግዴ ግሩፑ ላይ ጠየቅሁ። እርሻችን አካባቢ ኔትወርክ የለም፤ ስልክ የሚሠራው ከማዶ ካለችው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። ወጥቼ በድምፅ ላክሁ። መልሱ እንደ ዝናቡ ወረደ።

«ፖምፓ ነው።»

«ናፍጣው ነው፤ ከሱዳን በኩል የገባ ከሆነ ይድፉት።»

«ሙቀት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይረሱ።»

አንዱ ተንኮለኛ ደግሞ፣ «አባ ፊልትሮ፣ ለመሆኑ ፊልትሮውን ቀይረውታል?» አለ። ከሥሩ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከአንገት በላይ ነው።

በዚያ ሁሉ መካከል አለነ የሚባል ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤ «አያ፣ እኔ ስለ ትራክተር አላውቅም። ካልከበደዎ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛሬ ጠዋት ከተነሣችሁ ጀምሮ ትራክተሩ እስኪቆም ድረስ ምን ምን አደረጋችሁ?»

ወርጄ ለአስማረ ነገርሁት። አስማረ እጁን በናፍጣ ነክሮ ተንበርክኮ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ቁርሳችን ምን እንደነበረም ይንገሩት እንጂ!» አለኝ።

ለአለነ ሳልመልስለት ቀረሁ። የማያውቅ ሰው ምን ሊረዳኝ ነው? በማግስቱ የተባልነውን ሁሉ ሞከርን፤ ጠዋት ብቻ አረስን፣ ናፍጣውን ለወጥን። ትራክተሩ እንደ ልማዱ ቆመ። ምክር ሰጪዎቹም ሌላ ሰው ጠይቋቸው ወደዚያ አልፈዋል። እፈርድባቸዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ማታ ሲል ዝናቡ ጠነከረ። ከወደ ምዕራብም ደመናው ጠቆረ።

በነጋታው ጉብታዋ ላይ ስወጣ አለነ ደግሞ ጽፎልኛል። «አያ፣ ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ብሎ። ሌላ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገርሁት፤ ከጠዋት ጀምሬ፣ ቁርሱ ሳይቀር።

ከዚያ የጥያቄው መዓት! ስንት ሰዓት ላይ ተነሣ? ስንት ሰዓት ላይ ቆመ? ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣስ ምን ያህል ሠራ? እኔ ሰዓት አልያዝሁም። «እንግዲያው ነገ ስንት ዙር እንዳረሰ ቆጥራችሁ ንገሩኝ» አለኝ። በማግስቱ ስንዱ ከእርሻው ዳር ቆማ ትራክተሩ በዞረ ቁጥር አንድ ድንጋይ፣ በቆመ ቁጥር አንድ እንጨት ታስቀምጥ ጀመር። አስማረ ከላይ ሆኖ፣ «ገበጣ መጫወቻ አደረጋችሁኝ!» ይላል።

በነጋታው ጠዋት የትናንቱን የድንጋይ ቆጠራ ለአለነ ላክሁለት። ጠዋት ሁለት ዙር ብቻ፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ አራት፤ ከሰዓት በኋላ ስድስት።

ብዙ ቆየና መለሰልኝ። «አያ፣ ሙቀት ነው ብለውዎት ነበር አይደል? ሙቀት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሊብስበት አይገባም ነበር? እንዲያውም ይሻለዋል።»

እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት ትራክተር ላይ ስኖር ይህን ማየት እንዴት አቃተኝ? ለካ አልቆጠርሁትም።

«ከሁሉም የሚብስበት መቼ ነው?» አለኝ።

«ጠዋት፣ ናፍጣ ከሞላን በኋላ።»

«ናፍጣ ስትሞሉ ምን ታደርጋላችሁ? አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።»

«ክዳኑን እንከፍታለን። በጨርቅ እያጠለልን ከጀሪካን እንቀዳለን። ክዳኑን እንገጥማለን። እናስራለን።»

«እናስራለን ማለት?»

«በፌስታል ሸፍነን በጎማ እናስረዋለን።»

«ለምን?»

«ዝናብ እንዳይገባ ነዋ!»

«ዛሬ እዚያ ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ዛሬ አትሰሩት። እኔ ምክንያቱን አላውቅም፤ ከሞላችሁ በኋላ የምታደርጉት ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።»

ከጉብታዋ እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም። ገና እየወረድሁ ሳለ ነገሩ ገብቶኛል። ትራክተሩ እንደ ልማዱ ቆሞ ነበር። አስማረን «ተው፣ አየር አታስወጣ፤ ክዳኑን ፍታው» አልሁት። ጎማውን ሲፈታው፣ ክዳኑን ላላ ሲያደርገው፣ ታንከሩ «እስስስ» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ሁለታችንም ተያየን።

ክዳኑ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። ናፍጣው እየተጠጣ በጎደለ ቁጥር ታንከሩ በእሷ በኩል አየር ይስባል። ያን ቀዳዳ ከዘጉበት ናፍጣው መውረዱን ያቆማል። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ውስጡ የቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይታፈናል፤ ሲጎድል ይዘገያል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከድሮም አውቀው ነበር። እኛ አየር በዛ ብለን አየር ስናስወጣ፣ እሱ አየር አጥቶ ነው ለካ።

በዚያ ቀን ትራክተሩ እስኪመሽ አልቆመም። ከሁለት ቀን በኋላ ዘርተን ጨረስን። በሦስተኛው ቀን መሬቱ ረግረግ ሆነና የሌላ ሰው ትራክተር ዋጠ።

ለአለነ ደስታዬን ልነግረው ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። «ተማም!» ብሎ በሱዳኖቹ ቋንቋ መለሰልኝ፤ ደግ ነው እንደማለት ነው። ቀጥሎ «አያ፣ ክዳኑን እሰሩ ብሎ የመከራችሁ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲሁ ለማወቅ ፈልጎ ነው።

 የመከርሁትማ እኔ ነኝ። የመከርሁት ደግሞ አስማረን ብቻ አይደለም።

ወዲያው ግሩፑ ላይ ድምፄን ላክሁ። በሰኔ ክዳን እሰሩ ያልኋችሁ እኔ ነኝ፣ ያሰራችሁ ሁሉ ፍቱ፣ ስታስሩም ለቀዳዳዋ መተንፈሻ ተዉላት አልሁ። ፌዘኞቹ ሳቁ። «አባ ፌስታል» የሚል ስምም ወጣ። ሁለት ሦስት ሰዎች «እኛም ቆሞብን ነበር» አሉ። ይርጋ ግን ምንም አላለም።

ስንዱ ቁጥሩን ፈልጋልኝ ደወልሁለት።

«ይርጋ፣ ትራክተርህ እንዴት ነው?» አልሁት።

«አይ አያ፣ ሲቆምብኝ ሲቆምብኝ ፖምፓ ቀየርሁለት። አልሆነም። አሁን ድምፅዎን ስሰማ ፈትቼ አየሁት፤ ሠራ።»

«ዘራህ?»

«ግማሹን። የቀረው ውሃ ተኝቶበታል፤ ዘንድሮ ትራክተር አይገባበትም።»

 «በደልሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

«ኧረ እርስዎ ምን አጠፉ?» አለኝ። «የጠየቅሁዎ ናፍጣ ውስጥ ስለሚገባው ውሃ ነው። ውሃው ቆሞልኛል።»

ክፉ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ የጠየቀኝ ስለ ውሃ ነው፣ የመለስሁትም ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ «ካሰርኸው በኋላ እንዴት ሆነ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ኖሮ ትራክተሩ ይቆማል ይለኝ ነበር።

ሰሊጡ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ በጥር፣ አብደራፊ የዘመድ ሠርግ ነበረብኝ። በሳንጃ በኩል ዞሬ ሄድሁ። አለነ እዚያው እንደሚኖር ነግሮኝ ነበርና፣ ሠርጉ ሲያበቃ ፈልጌ አገኘሁት። አምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ። ዱላውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ከፊቱ ጫኝና አውራጁ ይተራመሳል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ማንነቴን ስነግረው አቅፎ ሳመኝ።

«ያችን ቀዳዳ ያሳዩኝ እስቲ፤ አራት ቀን ሙሉ የፈጀችብኝን!» አለኝ። ግቢው ውስጥ ወደቆመ ትራክተር ሄድንና ክዳኑን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ዐይኑን አጠገቧ አደረሰ። «ይችን?» አለና ሳቀ።

አልፎ አልፎ ጥሪ እየመጣበት፣ እየሄደ እየተመለሰ አወራን። ግሩፑ ውስጥ ያስገባው አሠሪው በስሕተት ነው። ስለ ትራክተር ሲወራ የሚገባው ነገር ባይኖርም መውጣቱን አልፈለገም።

«ታዲያ ለኔ ብለህ ምን አደከመህ?» አልሁት።

«እውነቱን ልንገርዎ?» አለኝ። «በሐምሌ ይህ መጋዘን ባዶ ነው። ባዶ ቤት ነው ስጠብቅ የምውለው። ሁሉም እውቀት ነበረው፣ እኔ ጊዜ ነበረኝ። ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ሲመልስልዎ አየሁ፤ እርስዎን የጠየቀ ግን የለም። አሁን በጥር ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም እልዎ ነበር።»

ይህን ሲል የመጋዘኑ ቀለብ ሰፋሪ የሆነች ሴት በአጠገባችን ስታልፍ ሰማችና ጣልቃ ገባች። «አያ፣ አይመኑት! በዚያ ዝናብ ከጎረቤት ግቢ ድረስ እየሄደ ትራክተር ያስስ ነበር። ሾፌሩ ሌባ መስሎት ሊያስይዘው ነበር።»

አለነ አፈረ። «ክዳን ሲሉኝ፣ ታንከር ሲሉኝ፣ የቱ እንደሆነ ካላየሁ እንዴት አድርጌ ልጠይቅዎ?» አለ።

 ሥራ የፈታ ሰው ተኝቶ ይውላል እንጂ በዝናብ የሰው ትራክተር ሥር አይገባም።

በመንገድ ስመለስ ይህንኑ ነበር የማወጣ የማወርደው። እውቀት ስሰጥ የሚጎድልብኝ ነገር የለም፤ ተናግሬውም እኔው ጋር ነው። ጊዜ ግን ከሰጡት አይመለስም። ታዲያ የትኛው ነው እርዳታ? ሁለቱም ነው እንዳልል፣ ለሁሉም ሰው አራት አራት ቀን ከሰጠሁ የኔን እርሻ ማን ያርመዋል? ሞክሬው አይቻለሁ። አንድ የሽንፋ ሰው ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ ስለው፣ «አባ፣ ፊልትሮ ነው አይደለም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ!» ብሎ ተቆጣኝ። ፊልትሮ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱን ባጭሩ እሸኛለሁ። ግን ሳምንት ሳይሞላው ተመልሼ «እንዴት ሆነልህ?» እላለሁ። ስለምረሳ፣ የመለስሁለትን ሰው ስም ስንዱ የቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ትጽፍልኛለች። ያን የጎማ ቁራጭም እዚያው ሚስማር ላይ ሰቅየዋለሁ።

ባለፈው ሰኔ ይርጋ ግሩፑ ላይ ብቅ አለ። ዲስኩ መሬት አልነክስ ብሎታል። ምን እንደሆነ ገና አንብቤ ሳልጨርስ ነው ያወቅሁት፤ መልሱን በሦስት ቃል ጽፌ ላክ የሚለውን ልነካ ነበር። እጄን ሰበሰብሁ። ጽሑፉን አጠፋሁትና ደወልሁለት።

«ይርጋ፣ ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» አልሁት።

 ሳቅ ብሎ፣ «ጊዜ አለዎት ወይ፣ አያ?» አለኝ።

ከጉብታዋ ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። አስማረ ዘሩን ጭኖ ቆሞ በእጁ ይጠራኛል። ከምዕራብ ደመና አለ።

«አለኝ» አልሁትና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ።